ያልበሰለው ክንፍ

ባርት ሉንድ ሞቶ የተገኘው ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ሃያ ቁጥር አውሮፕላን ውስጥ፣ ቁራጭ ሶፍት በጣቶቹ መሃል እንደያዘ ነበር። ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ኮሌታውን አልቀደደም፣ በሩን አልደበደበም፣ ጭኑ ላይ የነበረው የውሃ ኮዳ እንኳ አልወደቀም። ላየው ሰው ሥራ መሃል ሸለብ ያደረገው ነው የሚመስለው።

«ልቡ ነው» አለ የሸሪፉ ምክትል ኮፍያውን ከፍ እያደረገ። «ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሙቀቱንም እያየሽው ነው። ልቡ ነው፤ እንጨርስና እንሂድ።»

ኢዳ ክሮል አንገቷን በአውሮፕላኑ በር አስገባች። የወረዳችን መርማሪ ናት፤ ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጡረታ ልትወጣ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገብታ ሦስት ጊዜም ራሷ አስመልሳዋለች። የሱፍ ፍሬ ስትቆረጥም ነው የምትውለው፤ ቅርፊቱንም በካኪ ፖስታ ታጠራቅመዋለች። አሁንም አንዱን ፍሬ በጥርሷ ይዛ የአውሮፕላኑን የውስጥ ግድግዳ ትመለከታለች። ሟቹ አየር የሚሾልክበትን ቦታ ሁሉ በቢጫ የሰም እርሳስ አክብቦ ቁጥር ሰጥቶታል። እስከ ስድስት ድረስ ክቡ የተስተካከለ ነው። ሰባተኛው ይወላገዳል። ስምንተኛው ተጀምሮ አልተዘጋም።

«የልብ ድካም እንዲህ ቀስ እያለ የእጅ ጽሑፍ አያበላሽም» አለች። «ማንም ሰው ከዚህ አይውጣ።»

እዚህ ምሥራቅ ኦሪገን፣ ጁኒፐር ፍላት ውስጥ፣ የትሬድዌይን ድርጅት የማያውቅ ሰው የለም። ዋድ ትሬድዌይ የሚሸጠው የተሠራ አውሮፕላን ሳይሆን በሣጥን የታጨቀ ቁርጥራጭ ነው። ክንፉና አካሉ ቼክ አገር፣ ሞራቪያ ካለው ሸሪክ ፋብሪካ ይመጣል፤ ገዢው ደግሞ እዚህ ድረስ መጥቶ ያጣብቀዋል፣ ተርባይን ሞተሩን ይሰካለታል። ሕጉ ባለቤቱ ከግማሽ የሚበልጠውን ሥራ በገዛ እጁ እስከሠራ ድረስ እንደ ፋብሪካ አውሮፕላን አይፈትሸውም፤ የራስህ ሥራ ነው፣ ለራስህ ተጠንቀቅ ብሎ ይለቀዋል። ታዲያ በሰዓት ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚምዘገዘግ ማሽን የሚገዛ ሀብታም ሙጫ ሲለቀልቅ ሊውል ነው? አይውላትም! ይመጣል፣ ብሩሽ ይዞ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። ሥራውን ባርት ይሠራዋል፤ ፎቶው የግንባታ መዝገብ ላይ ይለጠፋል። ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ ከተማው ሁሉ ዝም ይላል። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነኝ፤ አልዋሽም።

የሥራው ኃላፊ ኖሪን መሣሪያ ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። የዘጋችው እሷ፣ ያገኘችውም እሷ ናት።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለች ኢዳ። «ግን ውሃ ጠጪ መጀመሪያ።»

«ምን ውሃ ትይኛለሽ ኢዳ! በሩን እኮ እኔ ነኝ የዘጋሁበት!»

«ሥራው እንዴት ነው የሚሠራው?»

«ሁልጊዜ እንደምናደርገው ነው። አንዱ ካቢኑ ውስጥ ይገባል፣ አንዱ ውጭ ይቆማል። ከኮምፕሬሰሩ በሰማያዊው ቱቦ አየር ይለቀቃል። ውስጥ ያለው ሶፍት ይዞ ግድግዳውን ይዳስሳል፤ ሶፍቱ ከተሳበ እዚያ ጋ ያሾልካል ማለት ነው። ውጭ መቆም የነበረብኝ እኔ ነኝ። ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ዶክተር ፕራውት ደወለ፤ የዚህ አውሮፕላን ባለቤት፣ የጥርስ ሐኪሙ። ስለ ቀለም። ጥቁር ይሁን፣ ወርቃማ መስመር ይኑረው... ሠላሳ አምስት ደቂቃ ለፈለፈብኝ። ረቡዕ ፖርትላንድ እናቴ ጋ ነበርኩ፤ ምነው እዚያው በቀረሁ!»

«ስትመለሺ የትኛው ቱቦ ነበር የተሰካው?»

«ሰማያዊው። ራሴ የሰካሁት።»

«ያ ጥቁሩስ?»

«እሱ የናይትሮጅን ነው፤ ለጎማ መንፊያ። እዚህ አይገባም። ሰው እንዳይሳሳት አፋቸው ሆን ተብሎ የተለያየ ነው።»

ኢዳ ወደ ኮምፕሬሰሩ ሄደች። ጎኑ ላይ የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥር ትንሽ መስኮት አለው። ከበላዩ በገመድ የተንጠለጠለ ደብተር አለ፤ ኖሪን ዘይት የሚቀየርበት ጊዜ እንዳያልፍ ጠዋት ሥራ ሲጀመርና ለምሳ ሲወጣ ቁጥሩን ትጽፍበታለች።

«ለምሳ ስትወጪ የጻፍሽው አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት ነው። አሁንስ ስንት ይላል?»

ኖሪን አጎንብሳ አነበበች። «ነጥብ... ነጥብ አራት።»

«አንድ አሥረኛ ሰዓት። ስድስት ደቂቃ። የሚያሾልክ ካቢን ሲነፋ ይህ ማሽን ያርፋል?»

«በፍጹም። ጆሮ ያደነቁራል እንጂ።»

«ስልክ ስታወሪስ አደነቆረሽ?»

ኖሪን ወደ ማሽኑ ዞረች። «ጸጥ ብሎ ነበር» አለች። «ዶክተሩን ጮክ በል እንኳ አላልኩትም።»

የናይትሮጅን ሲሊንደሮቹ ሰኞ ዕለት ሞልተው ነበር የመጡት። ከስድስቱ አራቱ ባዶ ናቸው። ናይትሮጅን አይሸትም፣ አያስልም፣ አያንቅም። ሰው ሲተነፍሰው አየር ያገኘ ይመስለዋል፤ ከዚያ እጁ ይዝላል፣ ከዚያ ይተኛል። ባርት የገዳዩን ሥራ ሳያውቅ ግድግዳ ላይ እየጻፈ ነው የሞተው።

ምክትሉ ኢዳን በክርኗ ሳብ አደረጋት። «እንግዲያው ኖሪን ናታ! የሰካችው እሷ፣ የነቀለችውም እሷ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«አንተ እስክትረጋጋ» አለችው።

ከሃንጋሩ፣ ከአውሮፕላን ማቆሚያው አዳራሽ፣ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ፣ ጥቁር ሰማያዊ የተቀባው አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ቆሟል። ሐሙስ ጠዋት ነው ከሃንጋሩ የወጣው። ከጎኑ የባርት ልጅ ማሪት ቆማለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የድርጅቱ አብራሪ ናት። አላለቀሰችም፤ የአባቷን ጃኬት አጥብቃ ይዛለች።

«ማክሰኞ ተጣልተናል» አለች ሳትጠየቅ። «ይሄን አውሮፕላን እንዳታበርሪው አለኝ። ለምን ስለው ዓርብ እነግርሻለሁ፣ ቃል አለብኝ አለ። እንደ ሕፃን ነው የምታየኝ ብዬ ጮህኩበት። ሁለት ቀን ሙሉ በአጠገቡ እያለፍኩ ዘጋሁት። ሁለት ቀን!»

«መቼ ነው በረራው?»

«ቅዳሜ ቀትር። ወደ ፊኒክስ፣ ለባለቤቱ ላስረክብ። ዋድ አሁን መጥቶ አቀፈኝ፤ ‹አባትሽ የጨረሰው የመጨረሻ ሥራ ነው፣ አንቺ አድርሺለት› አለኝ። እበራለሁ። አባቴን የማከብርበት ሌላ ምን ቀረኝ?»

«ማሪት፣ እስከዚያ ባጣራው...»

«እንዳልበር የሚከለክል ወረቀት ያምጡልኝና እቀራለሁ። ካለበለዚያ እበራለሁ።»

ኢዳ ጃኬቱን ለመነቻት። ኪሱ ውስጥ የወረቀት ኩባያ ነበር፤ ግማሹ ድረስ ማር የመሰለ ደረቅ ሙጫ ሞልቶበታል። ጎኑ ላይ «19፣ ግራ ክንፍ» ይላል።

«ምስክር ኩባያ ነው የምንለው» አለች ማሪት። «ክንፍ ሲጣበቅ ከሙጫው የተረፈው በኩባያው ይቀመጣል። ክንፉ ምድጃ ሲገባ ኩባያውም አብሮ ይገባል። ኩባያው ከጠነከረ ክንፉም ጠንክሯል። የሁሉም አውሮፕላን ኩባያ እዚያ መደርደሪያ ላይ አለ።»

መደርደሪያው ላይ ምንም የለም። አቧራው ውስጥ የኩባያ ቂጥ ክቦች ብቻ ተደርድረው ቀርተዋል። ኢዳ ቆጠረቻቸውና ኩባያውን ወስዳ የመኪናዋ መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው።

ዋድ ትሬድዌይ ፎቁ ላይ ባለው ቢሮው ነበር። ነጭ ጢም፣ ሰፊ ትከሻ፣ ለሁሉም ሰው የሚበቃ ፈገግታ። ዛሬ ፈገግታውን ቀነስ አድርጎታል።

«እኔ የት ነበርኩ? እዚሁ። ብቻዬን። ማን ይመሰክርልኛል? ግድግዳው!» አለ። «ኢዳ፣ የምናገረው ሰው ለመክሰስ አይደለም። ግን ታች ያለውን ሰሌዳ አይተሻል? ‹ሐሙስ ስምንት ሰዓት፣ የካቢን ፍተሻ፣ ውስጥ የሚገባው ፕራውት› ይላል። እኛ ባርት እንደሚገባ እናውቃለን። ራዲም ግን፣ የሸሪኮቻችን ሰው፣ ረቡዕ ማታ ነው ከፕራግ የገባው። እሱ ወረቀት ያለውን ያምናል። ሐኪሙ ደግሞ ፋብሪካቸውን ከስሳለሁ እያለ ሲዝት ከርሟል። እኔ ምንም አላልኩም።»

«ምንም ላላለ ሰው ብዙ ብለሃል» አለች ኢዳ። «የሃያ ቁጥርን መዝገብ ስጠኝ።»

መዝገቡን ቁጭ ብላ ገጽ በገጽ አየችው። ሐኪሙ ብሩሽ ይዞ፣ ሐኪሙ ክንፍ ላይ አጎንብሶ፣ ሐኪሙ መሰርሰሪያ ይዞ። ሸሚዙ ይለዋወጣል፤ አገጩ ላይ ያለው የምላጭ ቁስል ግን በሦስቱም ሸሚዝ ላይ አንድ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ «ሐሙስ፣ የካቢን ፍተሻ» ተብሎ ተጽፏል፤ ፎቶ የለም። በአራቱም ማዕዘን የማጣበቂያ ነጠብጣብ አለ።

«ይሄኛው የት ሄደ?»

«ገና አልተነሳም መሰለኝ።»

«ማጣበቂያው ግን ደርቋል» አለችና መዝገቡን ብብቷ ሥር አድርጋ ወረደች።

ራዲም ከመንገዱ ማዶ ባለው ምግብ ቤት የአፕል ፓይ ቀርቦለት ሳይነካው ተቀምጧል። አርባ ያለፈው፣ ቀጭን፣ ቃሉን እየመዘነ የሚናገር መሐንዲስ ነው።

«ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«መኪና ማቆሚያው ጋ፣ ሲጋራ እያጨስኩ። ማንም አላየኝም። ይህ ለእኔ ጥሩ እንዳልሆነ ይገባኛል።»

«ለምን መጡ?»

«ምድጃውን ለማየት። በስምምነታችን መሠረት ክንፉ እዚህ ከተጣበቀ በኋላ በሰማንያ ዲግሪ ለአሥራ ሁለት ሰዓት መብሰል አለበት። ባርት ሰኞ ዕለት ይህን ጻፈልኝ።» ከኪሱ የታተመ ደብዳቤ አወጣ። ኢዳ ሁለት ጊዜ አነበበችና አጣጥፋ አስቀመጠችው።

«ካልበሰለስ?»

«ይደርቃል፤ ደህና ይመስላል። ነገር ግን ሃምሳ ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል። ጥቁር የተቀባ ክንፍ በዚህ ፀሐይ ሰማንያ ይደርሳል። ከፍታ ላይ ብርድ ስለሆነ ችግር የለም፤ በማለዳ ቢነሳም ችግር የለም። የሚያስፈራኝ ቀትር ላይ ነዳጅ ሊቀዳ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ሰው ጭኖ ሲነሳ ነው። መሬቱን እንደለቀቀ ክንፉ ይታጠፋል።»

ኢዳ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ኩባያውን አንስታ አውራ ጣቷን ሙጫው ላይ ጫን አደረገችው። ጣቷ ገባ፤ አሻራዋ እዚያ ቀረ። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ቅዳሜ ቀትር ላይ ይነሳል፤ ገዳዩ ሳይታወቅ ኩባያውን ብታሳይ ደግሞ የቀረው ማስረጃ ይጠፋባታል፤ ኢዳ ክሮል በሠላሳ ዓመት ሥራዋ እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም።

ዓርብ ጠዋት ከራዲም ጋር ሆና ምድጃውን አስከፈተች። ቁልፉ ያለው ዋድ ጋ ብቻ ነው፤ ክንፎቹንም ምሽት ላይ ሠራተኛ ሲወጣ ራሱ ነበር የሚያበስለው። ማቃጠያው ንጹሕ ነው፣ ግድግዳው ንጹሕ ነው። ራዲም ጎንበስ ብሎ የሙቀት መውጫውን በባትሪ አበራበት። ውስጡ የወንጭፊት ወፍ ጎጆ አለ፤ አንዱ አሮጌ፣ ከሱ በላይ ደግሞ የዘንድሮ፣ ጫጩት ያለበት። 

ከዚያ ወደ ሞቴሉ ሄደች። ዶክተር ፕራውት በር ሲከፍትላት ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔን ሊገድሉኝ ነበር አሉ! እውነት ነው? ሰሌዳው ላይ ስሜ ነው ያለው!»

«ማን ነገረዎት?»

«ዋድ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።»

«ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ! ከዚህ ስልክ ነው ለኖሪን የደወልኩት፤ የሞቴሉን ልጅ ይጠይቋት፣ መስመሩን ያገናኘችልኝ እሷ ናት።»

«ዶክተር፣ ስንት ሸሚዝ ይዘው መጡ?»

ሐኪሙ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ሦስት። ይዘህ ና ተባልኩ። ሁሉም እንዲያ ነው የሚያደርገው እኮ...»

«ሁሉም የሚያደርገውን አውቃለሁ። የካቢን ፍተሻው ፎቶ አለዎት?»

«በእኔ ስልክ ነው የተነሳው። ለባለቤቴ ልኬላት ነበር፤ ባልሽ ሲለፋ እዪ ብዬ።» ስልኩን ሰጣት። ፎቶው ላይ ሐኪሙ በተከፈተው የአውሮፕላን በር ውስጥ ተቀምጦ፣ ሶፍት ይዞ፣ በትልልቅ ነጭ ጥርሶቹ ይስቃል። ኢዳ ፊቱን አላየችም። በሁለት ጣቷ የፎቶውን የታችኛውን ጥግ አጎላችው። መቆርጠሟን አቆመች።

«ይህን ወዲያው ይላኩልኝ» አለች። «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ሃንጋሩ ይምጡ። ነጩን ሸሚዝ መልበስ አያስፈልግም።»

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በሃያ ቁጥር ዙሪያ ቆሙ። ኖሪን ዓይኗ አብጧል። ራዲም እጁን ወደ ኋላ አጣምሯል። ሐኪሙ ከበሩ አጠገብ አልራቀም። ዋድ ሰዓቱን ያያል። ማሪት የበረራ ልብሷን ለብሳለች፤ ነዳጅ ሞልታለች፤ የቀረው ሞተር ማስነሳት ነው።

«ቶሎ እጨርሳለሁ» አለች ኢዳ። «ባርትን የገደለው ልቡ አይደለም፤ ናይትሮጅን ነው። ኮምፕሬሰሩ የሠራው ስድስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ አራት ሲሊንደር ደግሞ ባዶ ሆኗል። አንድ ሰው ሰማያዊውን ነቅሎ ጥቁሩን ሰክቷል፣ ሲያበቃም ሰማያዊውን መልሷል። ኖሪንና ዶክተሩ በዚያ ሰዓት እርስ በርስ ስልክ ላይ ነበሩ።»

«ኖሪን ከመውጣቷ በፊት ብትሰካውስ?» አለ ምክትሉ።

«እሱን ጠብቅ። ዋድ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አለው፤ ራዲም ሰሌዳውን አምኖ ዶክተሩን ሊገድል ነበር ይላል።»

ራዲም ቀና አለ። ዋድ ትከሻውን ነቀነቀ። «ይሆናል ነው ያልኩት።»

«አይሆንም። ራዲም ሐሙስ ጠዋት ከባርት ጋር ቁርስ በልቷል፤ ፍተሻውን ማን እንደሚሠራ ባርት በአፉ ነግሮታል፤ የምግብ ቤቷ አስተናጋጅ ሰምታለች። የሚፈለገው ባርት ነበር። ምክንያቱ ይኸውና።» ኩባያውን አወጣች፤ ጣቷ የገባበት ጉድጓድ ለሁሉም ታየ። «ይህ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ግራ ክንፍ ነው። መኪናዬ ውስጥ ፀሐይ ላይ ባስቀምጠው ጊዜ የሆነው ይህ ነው። ያ ምድጃ ሁለት ዓመት እሳት አላየም፤ ወፍ ሁለት ጊዜ ፈልፍሎበታል።»

ማሪት ወደ ውጭ፣ ወደ ጥቁር ሰማያዊው አውሮፕላን ዞረች። ፊቷ ላይ ደም አልቀረም።

«ባርት ሰኞ ደረሰበት» አለች ኢዳ። ደብዳቤውን ዘርግታ አነበበች። «‹ክንፎቹ አልበሰሉም። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ በስሏል ስባል ሄጄ አላየሁም። ዋድ ለባለቤቶቹ ራሱ እንዲደውል እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ፤ ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል፣ እሱ ይናገረው።›»

«ይሄ ገደልኩ ማለት ነው?» ዋድ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ቀን ሰጠኝ፣ እሺ! ያንን ቱቦ ማን እንደሰካ ግን ማንም አላየም!»

«ሁላችንም አይተናል» አለች ኢዳ። ፎቶውን በትልቁ አሳትማዋለች፤ አውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ለጠፈችው። «የዶክተሩ ፎቶ። መዝገቡ ሐሙስ ይላል፤ ከኋላ ግን አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ገና ሃንጋር ውስጥ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ቀንም ረቡዕ ነው። አሁን ታች ጥጉን እዩ። ካቢኑ ላይ የተሰካው ቱቦ ምን ዓይነት ነው?»

ኖሪን ቀረብ ብላ አየች። «ጥቁር!» ብላ ጮኸች። «ጫፉ ላይ... ይሄ የነሐስ ማገናኛ ምንድነው? እኛ እንዲህ ያለ የለንም!»

«የለንም። ሁለቱን የማይገጥሙ አፎች ለማገናኘት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ገዳዩ ይገጥም እንደሆነ ከአንድ ቀን በፊት መሞከር ነበረበት፤ ቱቦ ሲነካካ ደግሞ ማንም እንዳይጠይቀው ሰበብ ፈለገ። ፎቶ ከማንሳት የተሻለ ሰበብ የት ይገኛል? ረቡዕ ኖሪን ፖርትላንድ ናት። ራዲም አየር ላይ ነው። ዶክተሩ ፎቶው ውስጥ ነው።» ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ማን ነው ያነሳዎት?»

ሐኪሙ በእጁ ጠቆመ። «ዋድ።»

«ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ለኖሪን ስለ ቀለም ደውል ያለዎትስ?»

«እሱው። ልክ ስምንት ሰዓት አለኝ። ጌታዬ! እኔ እኮ...»

«ዋድ፣ ከመዝገቡ ላይ ፎቶውን ቀደድከው፤ ዶክተሩ ለሚስቱ መላኩን ግን አላወቅህም። ስትዋሽ ፎቶ ማንሳት ከመልመድህ ብዛት እውነቱንም አነሳኸው።»

ዋድ ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ከንፈሩ እንቢ አለው። «አርባ ሰው ነው የማስተዳድረው» አለ ቀስ ብሎ። «ማቃጠያው ሰባት ቁጥር አውሮፕላንን ስንሠራ ተበላሸ። ለማሠራት አራት ወር ሥራ ማቆም ነበረብኝ። ምንም አይሆንም አልኩ። ደግሞስ ክንፉን እኛ አይደለንም የሠራነው! በሕግ የሠራው ገዢው ነው፤ ፎቶው አለ፣ ፊርማው አለ! ቢሰበርም የራሱ ጥፋት ነው የሚሆነው!»

«ባርትን ለዚህ ገደልከው» አለች ኖሪን። «አብሮህ የበላውን፣ አብሮህ የጠጣውን ሰው።»

ማሪት ፊቱ ላይ እስክትደርስ ተራመደች። ሁሉም ትመታዋለች ብሎ ነበር። «አቀፍከኝ» አለችው። «ሬሳው ሳይነሳ አቀፍከኝ። ዛሬ ቀትር ላይ እንድበር ለመንከኝ!»

«ምንም አትሆኚም ነበር!» ዋድ ጮኸ። «ከሰባት እስከ አሥራ ስምንት ድረስ ሁሉም እየበረሩ አይደል!»

 ምክትሉ ካቴናውን አወጣ። ማሪት ግን ዋድን ረስታዋለች። «አሥራ ሁለት» አለች። «ኖሪን፣ የባለቤቶቹን ስልክ አምጪ።»

ሁለቱ ሴቶች ቢሮ ገብተው ይደውሉ ጀመር። አንዱ አመሰገነ። አንዱ ጠበቃዬን አናግሩ አለ። አንዱ ተሳደበና ዘጋ፤ ኖሪን መልሳ ደውላ በሚስቱ በኩል አስማማችው። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ አንዱ ተገኝተዋል። የቀረው የሰባት ቁጥር ባለቤት ኬንዳል ነው። ቤቱ ሲደወል ሠራተኛዋ ከነቤተሰቡ ዛሬ ጠዋት ተነሥቷል አለች። ማሪት የእጅ ስልኩን አሥራ ስድስት ጊዜ ሞከረችው። በአሥራ ሰባተኛው አነሳ። ከኋላው የነዳጅ መኪና ያጓራል።

«ቶሎ በይ ማሪት፤ ኔቫዳ ነኝ፣ ነዳጅ ቀድቼ ጨርሻለሁ። ሞተር ላስነሳ ነው። ልጆቹ በሙቀት አለቁ።»

«አያስነሱ! አቶ ኬንዳል፣ ክንፉ አልበሰለም። ፀሐይ ላይ ስንት ቆማችሁ?»

«አንድ ሰዓት ተኩል። ምን ያልበሰለ ነው የምትይው? ሁለት መቶ ሰዓት በርሬበታለሁ። ክንፉን ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ መዝገቡን ማየት ትችያለሽ።»

«መዝገቡን ይተዉት» አለች።  «ማንም አይሰማንም። ክንፉን ማን ነው ያጣበቀው?»

 የነዳጅ መኪናው እየራቀ ሲሄድ ይሰማል።

«አባትሽ ነው» አለ በመጨረሻ። «እኔ ብሩሹን ይዤ ፎቶ ተነሳሁ።»

«አዎ፣ አባቴ ነው። ሙጫውን የቀባው እሱ ነው፤ እሳት እንዳላገኘ ሊነግርዎት ሲል ነው የገደሉት። አባቴ ሞቷል። እባክዎ ያውርዷቸው።»

ማሪት ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫነችው።  በስልኩ ውስጥ የአውሮፕላን በር ሲከፈት ተሰማ፤ ቀጥሎ አንዲት ሕፃን በእንቅልፍ ድምፅ «አባዬ፣ ደረስን እንዴ?» አለች።

«አልደረስንም» አላት ኬንዳል። «ውረዱ።»